ስቴንለስ ስቲል ሲሞቅ ለምን ይበሳል? ከድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ላይ ስቴንለስ ስቲል ያልገባበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። የጣሪያው ታንከር፣ ቦይለሩ፣ የጁስ ቤቱ ጠረጴዛ፣ የሆቴሉ ኩሽና፣ የፋብሪካው ቱቦ፣ የደረጃው መደገፊያ። አንዱ ሲበሳ ወይም ሲሰነጠቅ የሚመጣው ጥያቄ «ውሃው ነው?»፣ «ክሎሪኑ ነው?»፣ «ፎርጅድ ሸጠውልኝ ነው?» የሚል ነው። ሦስቱም ተገቢ ናቸው። አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ብረቱ ስንት ዲግሪ ላይ ነበር የሚሠራው? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ለምን እንደሆነ ከታች ታገኙታላችሁ።

«አይዝግም» ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። ታዲያ ለምን ተበሳ?

ስቴንለስ እንዳይዝግ የሚያደርገው ክሮሚየም ነው። ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለው ብረት አየር ሲነካው ላዩ ላይ በጣም ስስ ሽፋን ይፈጥራል። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ነው። በዓይን አይታይም፤ ተቀብቶ የመጣም አይደለም። ቢጫር እንኳ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይሸፍናል።

የዚህ ሽፋን ጠላት ክሎራይድ ነው። ጨው ውስጥ አለ፣ በረኪና ውስጥ አለ፣ የጉድጓድ ውሃ ውስጥም በመጠኑ አለ። ክሎራይድ ሽፋኑን በሙሉ አይገፈውም። ደካማ ቦታ ፈልጎ ይገባል። ብዙ ጊዜ ያ ቦታ ብረቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲቀልጥ የቀረ የማንጋኒዝ ሰልፋይድ ቅንጣት ነው። እዚያ ላይ ሽፋኑ ሲሰበር ከመርፌ ጫፍ ያነሰች ጉድጓድ ትከፈታለች። ባለሙያዎች ይህን ፒቲንግ ይሉታል።

ጉድጓዷ ውስጥ ያለው ውሃ ከውጪው ጋር አንድ አይደለም። ብረቱ እየሟሟ ሲሄድ ውሃው አሲድ ይሆናል። ሌላ ክሎራይድ ወደ ውስጥ ይሳባል። ኦክስጅኑ ያልቃል። ስለዚህ ሽፋኑ ተመልሶ መዳን ያቅተዋል። ዙሪያው እያብለጨለጨ አንድ ነጥብ ብቻ ወደ ውስጥ ይበላል። ታንከሩ በጠቅላላ ያጣው ብረት አንድ ግራም ላይሞላ ይችላል፤ ግን ያፈሳል።

በጓርኒሲዮን ሥር፣ በሩንዴላ ሥር፣ ሁለት ላሜራ በተደራረበበት ቦታ ደግሞ ሥራው ይቀልለታል። ክፍተቱ ራሱ ውሃውን ይዞ ስለሚያቆይ ያው አሲድና ክሎራይድ እዚያ ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላው እንዲህ ያለው ጠባብ ቦታ ነው።

እሺ፣ ሙቀቱ ምን አገባው?

የነገሩ ሁሉ መሠረት እዚህ ነው።

ብዙ ሰው ሙቀት ዝገትን ቀስ በቀስ ያፋጥናል ብሎ ያስባል፤ ትንሽ ሲሞቅ ትንሽ፣ ብዙ ሲሞቅ ብዙ። ለስቴንለስ ፒቲንግ ግን አካሄዱ እንዲህ አይደለም። ወሰን አለው። ከወሰኑ በታች ብረቱ ዓመታት ምንም ሳይሆን ይቀመጣል። ወሰኑን ጥቂት ዲግሪ ሲያልፍ ያው ብረት፣ በዚያው ውሃ ውስጥ፣ ይበሳል። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ላሜራ የቀዝቃዛ ውሃ ታንከር ሲሆን አገልግሎ አገልግሎ የማይሰለቸው፣ የሙቅ ውሃ ታንከር ሲሆን ግን ብዙም ሳይቆይ የሚያፈሰው።

ይህን ወሰን እንደ መለኪያ አድርገው ያቀረቡት ብሪግሃም እና ቶዘር የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1973። ሐሳቡ ቀላል ነው። ውሃውን ሳትቀይር ሙቀቱን ብቻ ከፍ እያደረግክ ሂድ፤ ብረቱ መበሳት የጀመረበትን ዲግሪ መዝግብ። ያ ዲግሪ ዛሬ ወሳኝ የፒቲንግ ሙቀት ይባላል። የተለያዩ ስቲሎች የሚነጻጸሩትም በእሱ ነው።

ለምን ወሰን ኖረው? ከወሰኑ በታችም ቢሆን ጉድጓዶች ይከፈታሉ። ጥሩ መለኪያ ላይ ለአፍታ ብቻ ከፍ የሚል ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ሆነው ይታያሉ፦ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከሰል ማያያዝን አስቡት። ፍሙ በቂ ሙቀት ካልያዘ ጥግ ጥጉ ቀላ ይልና ይጠፋል። ከያዘ ግን ማራገቢያ አይፈልግም፣ ራሱን ችሎ ይቀጥላል። ጉድጓድም እንዲህ ናት። በሕይወት ለመቆየት ውስጧ ያለውን አሲድና ጨው ወደ ውጪ ከሚያመልጠው በላይ መተካት አለባት። ለዚያ ብረቱ ውስጧ በፍጥነት መሟሟት አለበት። ቀዝቃዛ ሲሆን ፍጥነቱ አይበቃትም፣ ትዘጋለች። ሲሞቅ ይበቃታል።

ወሰኑ አንድ ቦታ ተቸንክሮ የቆመ አይደለም። ክሎራይዱ ሲበዛ ይወርዳል። ብረቱ ውስጥ ሞሊብዲነም የሚባለው ብረት ወይም ናይትሮጅን ተጨምሮ ሲኖር ይወጣል። የብረቱ ፊት ሻካራ ወይም በብየዳ የተቃጠለ ሲሆን እንደገና ይወርዳል። ስለዚህ «ይህ ስቲል እስከ ስንት ዲግሪ ይችላል?» ለሚለው ጥያቄ «በምን ውሃ ውስጥ?» ሳይባል መልስ የለም።

ቁጥሩን በደፈናው ብትነግረኝስ?

በመደበኛው የላቦራቶሪ ፍተሻ፣ ኤኤስቲኤም ጂ150 በሚባለው፣ ብረቱ በሊትር 58 ግራም ገደማ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ይገባል። የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይሰጠዋል። ሙቀቱ በደቂቃ 1 ዲግሪ እየጨመረ ይሄዳል። በካሬ ሴንቲሜትር የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት ከ100 ማይክሮአምፔር በልጦ 60 ሰከንድ ከቆየ ብረቱ ተበስቷል ይባላል።

በዚህ ፍተሻ 304 የተባለው የስቴንለስ ዓይነት፣ እኛ ገበያ በብዛት ያለው፣ የክፍል ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይወድቃል። 316 ከ15 እስከ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። 2205 የተባለው ዱፕሌክስ፣ ማለትም ሁለት ዓይነት የውስጥ መዋቅር የተቀላቀለበት ስቲል፣ 50 አካባቢ ይደርሳል። 6 በመቶ ሞሊብዲነም ያላቸው ውድ ስቲሎች ከ80 በላይ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ አትደንግጡ። በሊትር 58 ግራም ጨው ማለት ከባሕር ውሃም የባሰ ነው፤ ባሕር በሊትር 35 ግራም አካባቢ ነው ያለው። የቧንቧ ውሃ ከዚህ በብዙ እጥፍ ያነሰ ጨው ስላለው 304 በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ችግር የለበትም። ቁጥሮቹ የሚጠቅሙት ማን ከማን እንደሚሻል ለማወቅ ነው። ለጠባብ ክፍተት ወሰኑ ከዚህም ዝቅ ይላል፤ በ20 ዲግሪና ከዚያ በላይ መቀነሱ የተለመደ ነው።

ፍተሻው ከሌላችሁ የብረቱ ይዘት የተጻፈበትን የፋብሪካ ወረቀት አይታችሁ መገመት ትችላላችሁ። የክሮሚየሙን በመቶ ውሰዱ፤ የሞሊብዲነሙን በ3.3፣ የናይትሮጅኑን በ16 አባዝታችሁ ደምሩበት። 304 ወደ 19፣ 316 ወደ 25፣ 2205 ወደ 35 ይመጣል። ከ40 በላይ የሚያመጣ ብረት ሞቅ ያለ የባሕር ውሃንም ይቋቋማል።

ድሬ ሞቃት ናት። ሐረር ቢሆን ኖሮ አይበሳም ነበር?

በአየሩ ብቻ አይመስለኝም። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በመሃላቸው ያለውን የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ስትሻገሩ አየሩ እንደሚለወጥ የታወቀ ነው። ግን ደረቅ አየር ላይ ያለ መደገፊያ ምንም ያህል ቢሞቅ አይበሳም። ውሃ የለማ።

ልዩነት የሚመጣው ውሃ የያዘ ብረት ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ጣሪያ ላይ ያለ ታንከር፣ ውሃው ሳይሆን ላሜራው ራሱ፣ በተለይ ከውሃው ደረጃ በላይ ያለው ባዶ ክፍል፣ ከአየሩ በጣም ይሞቃል። እዚያ ላይ ውሃ ይረጫል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይረጫል። በደረቀ ቁጥር ጨው ትቶ ይሄዳል። ታንከራችሁን ስትፈትሹ ከታች ሳይሆን ከውሃው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ቀበቶ እዩት። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ነጠብጣብ የሚያወጣው እሱ ነው። ጥላ መሥራት ወይም በነጭ ቀለም ከውጪ መቀባት ርካሽ መፍትሔ ነው።

ውሃችን ድንጋይ ይጥላል። ብረቱን የሚበላው ያ ነጭ ድንጋይ ነው?

የድሬን ውሃ ያፈላ ሰው ነጩን ድንጋይ ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ አለ፣ የሻወሩ ቀዳዳ ላይ አለ። ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ራሱ ስቲል አይበላም። ችግሩ ከሥሩ የሚሠራው መደበቂያ ነው።

አንደኛ፣ ድንጋዩ ከብረቱ ጋር ሲጣበቅ በመሃላቸው ጠባብ ክፍተት ይፈጠራል። ሁለተኛ፣ የማሞቂያው ኤለመንት ላይ ሲጋገር ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጣት ያቅተዋል። ውሃው 60 ሲል ከድንጋዩ ሥር ያለው ብረት ከዚያ በብዙ ሊሞቅ ይችላል። ሦስተኛ፣ እዚያች ሥር የገባችው ጥቂት ውሃ ትተናለች፣ ክሎራይዷ ይቀራል፣ ሌላ ውሃ ይገባል። ስለዚህ በሊትር ትንሽ ሚሊግራም የነበረው ክሎራይድ እዚያች ቦታ ላይ ብዙ ይሆናል። ሙቀት፣ ክፍተትና ጨው አንድ ነጥብ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ስለዚህ ድንጋዩን አንሱት። ግን በምን? የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ የሚጠቀሙ አሉ። እባካችሁ ተዉት። እሱ ብዙውን ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ ክሎራይዱም አሲዱም አብረው የመጡበት። ድንጋዩን በደቂቃ ያነሳል፣ ስቲሉንም አብሮ ይበላል። አቼቶ ወይም ሲትሪክ አሲድ ቀስ ብሎ ግን ያለ ጉዳት ይሠራል። ሞቅ ባለ ውሃ በጥብጣችሁ አቆዩት፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቁት።

ቦይለሬ 60 ላይ ነው የተስተካከለው። ዝቅ ላድርገው?

አታድርጉት። የሚከማች ሙቅ ውሃ 60 አካባቢ እንዲሆን የሚመከረው ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ እንዳይራባ ነው። ለብረቱ ብለን ጤና አንነካም። ብረቱ ካልቻለ የሚቀየረው ብረቱ ነው።

ማወቅ ያለባችሁ ግን ቴርሞስታቱ የሚያሳየው የውሃውን ሙቀት መሆኑን ነው። ለፒቲንግ የሚቆጠረው ውሃ የሚነካው የብረቱ ፊት ሙቀት ነው። ኤለመንቱ፣ በእሳት የሚሞቀው የታንከሩ ሥር፣ እንፋሎት የሚያልፍበት ቱቦ፣ እነዚህ ሁሉ ከውሃው ይበልጣሉ። የፋብሪካ ሰዎች «የመስመሩ ውሃ 40 ነው» ሲሉ እኔ የምጠይቀው ከጀርባው ምን እንደሚያሞቀው ነው። ከጀርባው እንፋሎት ካለ ስቲሉ ስለ 40 ዲግሪ የሚያውቀው ነገር የለም።

የፈላ ውሃ ከሞቀ ውሃ የባሰ ነው ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚገረምበት እዚህ ላይ ነው። ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላ ውሃ አንዳንዴ ከ70 ዲግሪ ውሃ የዋህ ነው። ምክንያቱ ኦክስጅን ነው። ፒቲንግን የሚገፋው ውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ነው፤ ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅን እየለቀቀ ይሄዳል። በባሕር ጠለል ግፊት በ25 ዲግሪ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፤ በ80 ወደ 3 ይወርዳል፤ ሲፈላ የሚቀረው ከምንም አይቆጠርም። ድሬ ላይ ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ያ ነጥብ ትንሽ ቀደም ብሎ ይመጣል።

ዝግ ሥርዓት ግን ሌላ ነው። ግፊት ያለበት ቦይለር ውስጥ ኦክስጅኑ መውጫ የለውም። በሞቀ ቁጥር እዚያው ይቆያል። ስለዚህ 60፣ 70፣ 80 ዲግሪ ላይ ያለ ዝግ ታንከር፣ አዲስ ውሃ ዘወትር የሚገባበት፣ ከክፍት ድስት ይልቅ ያሳስበኛል።

ድስቴ ሥር ትንንሽ ጉድጓዶች አወጣ። ምን አድርጌው ነው?

ጨው ነው። ስቴንለስ ድስት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጋችሁ ጨው ስትበትኑበት ጨዉ ሳይሟሟ ሥሩ ላይ ያርፋል። ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት እያንዳንዱ ፍሬ የራሱን ቦታ ይዞ ተኝቷል። ከዚያ እሳቱ ይለኮሳል። በጨዉ ፍሬ ሥር ያለው ውሃ ጨው የጠገበ ነው፣ ኦክስጅኑ ገና አላለቀም፣ ብረቱም ከእሳቱ ጋር ፊት ለፊት ነው። ፍሬዎቹ በተኙበት ቦታ ነጠብጣቦች ይቀራሉ። የአፍዴራ ጨው ሆነ የውጪ፣ ልዩነት የለውም። ውሃው ከፈላ በኋላ ጨምሩና አማስሉ፤ ያን ጊዜ ወዲያው ይሟሟል። የወጣው ነጠብጣብ ምግቡን አይጎዳውም፣ ድስቱንም አትጣሉት። ሥሩ ወፍራም የሆነ ድስት በእንዲህ ዓይነት ነጠብጣብ ተበስቶ ማፍሰስ ላይ ሲደርስ ብዙም አይታይም።

በረኪና በሙቅ ውሃ ብጠቀም የበለጠ አያጸዳም?

ለዕቃው የበለጠ ጎጂ ነው። በረኪና ውስጥ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አለ። ክሎራይድ ያመጣል፤ በዚያ ላይ ከኦክስጅን በበለጠ ኃይል ፒቲንግን ይገፋል። በሙቅ ውሃ ሲሆን ክሎራይዱ፣ ገፊውና ሙቀቱ፣ ሦስቱም ተሟልተዋል። ሙቅ ውሃ ውስጥ በረኪናው ራሱም ቶሎ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ለማጽዳትም አልጠቀመም።

የጁስ ቤት፣ የእርድ ቤት፣ የግመል ወተት የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ብዙ ዕቃ ይተርፋል። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ስቡን አንሱ። አለቅልቁ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ በረኪና ለ10 ደቂቃ ያህል ይቆይ። እንደገና አለቅልቁና አድርቁ። ማታ በበረኪና ሞልቶ ጠዋት መድፋት የሚባለውን ልማድ ተዉት። በረኪናን ከአሲድ ጋር ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ቱቦዬ አልተበሳም፣ ተሰነጠቀ። ይህም ሙቀት ነው?

በጣም ሊሆን ይችላል። 304 እና 316 ክሎራይድ ባለበት፣ ብረቱ በተወጠረበትና ሙቀቱ ከ50 ወይም 60 ዲግሪ ባለፈበት ቦታ ይሰነጠቃሉ። ውጥረቱ ከውጪ መምጣት የለበትም። ሲታጠፍና ሲበየድ ውስጡ የቀረው ይበቃል። ስንጥቁ ከአንድ ጉድጓድ ይነሳና ቅርንጫፍ እያወጣ ይገባል። ላሜራው አይሳሳም፣ አይቀየርም፣ ድንገት ያፈሳል።

በጣም የሚዘነጋው ቦታ በግላስዉል የተሸፈነ የሙቅ ውሃ ወይም የእንፋሎት ቱቦ ነው። ሽፋኑ ውስጥ ውሃ ይገባል፤ ከዝናብ፣ ከማጠቢያ፣ ከሚያንጠባጥብ ቫልቭ። ውሃው ቱቦው ላይ ይተናል፣ ክሎራይዱ ይቀራል። ከውጪ ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው። የሆቴል ላውንድሪ ወይም የፋብሪካ ቦይለር ክፍል የምታስተዳድሩ ከሆነ፣ እርጥብ ሽፋን ያያችሁበትን ቦታ ዛሬውኑ ግለጡት።

ለ50 ዲግሪው ወሰን አንድ ከባድ ልዩ ሁኔታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ስዊዘርላንድ ውስጥ ኡስተር በተባለች ከተማ የቤት ውስጥ መዋኛ ኮንክሪት ጣሪያ ተደርምሶ 12 ሰዎች ሞተዋል። ጣሪያውን ይዘው የነበሩት የስቴንለስ ዘንጎች ነበሩ፤ በተራ የመዋኛ አዳራሽ ሙቀት ተሰንጥቀው ተበጠሱ። ከመዋኛው የሚነሳው የክሎሪን ውህድ ዘንጉ ላይ አርፎ፣ ማንም ሳያጥበው፣ ሲጠራቀም ኖሯል። ጣሪያ ያለው መዋኛ የሚሠራ ሰው ከላይ ለሚሰቀል ነገር 304 ወይም 316 አያስብ።

ብየዳው ጎን ነው ሁልጊዜ የሚያፈሰው። በያጁ ነው ጥፋተኛ?

የግድ አይደለም፤ ግን ብየዳው ምልክት ትቶ ይሄዳል። በአርጎን ጋዝ ከተበየደ ቱቦ ዳር ላይ ያለውን ቀለም እዩት። መጀመሪያ ገለባ መሰል ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅና ሰማያዊ። ያምራል፤ አንዳንድ ደንበኛ እንዲያውም ይወደዋል። ያ ቀለም ግን በሙቀት የወፈረ ኦክሳይድ ነው። ክሮሚየሙን ከሥሩ ካለው ብረት ነው የወሰደው። ስለዚህ ከቀለሙ ሥር ክሮሚየም የጎደለው ስስ ንብርብር አለ። 316 ገዝታችሁ በዚያች ቀበቶ ላይ ያላችሁ ከ304 ሊያንስ ይችላል።

ቀለሙ መነሳት አለበት። ናይትሪክና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያለበት የብየዳ ማጽጃ ቅባት አለ፤ በጣም አደገኛ ስለሆነ ያለ ጓንት፣ ያለ መነጽርና ያለ አየር ማስገቢያ አይነካም። ቱቦ ከሆነ ሲበየድ ውስጡም በአርጎን መሞላት አለበት። ውሃው የሚነካው የውስጡን ፊት ነው፤ የውጪውን ማሳመር ለዓይን ብቻ ነው።

ሌላው የታወቀ ችግር ብረቱ ከ425 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ሙቀት ብዙ ሲቆይ ካርቦኑ ክሮሚየሙን ይዞ መቀመጡ ነው። ለዚያ ነው 304ኤል እና 316ኤል የተሠሩት፤ ካርቦናቸው ከ0.03 በመቶ አይበልጥም። ለስስ ላሜራ ብዙም አያሳስብም፣ ለወፍራም ግን ኤል ያለበትን ጠይቁ።

ተራ ብረት የቆረጠ የፍሌክስ ዲስክ ስቴንለስ ላይ አይደገምም። የገባው የብረት ብናኝ ይዝግና ስቴንለሱ የዛገ ያስመስለዋል። የሽቦ ብሩሹም የስቴንለስ ይሁን።

በማግኔት ሞክሬ አልያዘም። ጥሩ ነው ማለት ነው?

አቦ፣ ይህ ማግኔት ስንቱን አሳስቷል! ታይዋን ገበያ ገብቶ ማግኔት ያልያዘ ገዢ የለም። 304 ማግኔት አይስብም፤ እውነት ነው። 201 የተባለው ርካሽ ዓይነትም አይስብም። 201 ላይ ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ ተተክቷል፣ ክሮሚየሙም ዝቅ ይላል፤ ፒቲንግ ላይ ከ304 ያንሳል። በሌላ በኩል ከ316 በጣም የሚበልጠው 2205 ማግኔት ይስባል። 304 ራሱም ሲታጠፍ መታጠፊያው ላይ ትንሽ ይስባል። 304 እና 316ን በማግኔት መለየት አይቻልም። የሚለየው የፋብሪካው ወረቀት፣ የሞሊብዲነም መፈተሻ ጠብታ ወይም የኤክስሬይ መለኪያ ነው።

ታዲያ ምን ልግዛ?

ለቀዝቃዛ ውሃ በስፋት የሚሠራበት መመሪያ 304 እስከ 200፣ 316 እስከ 1,000 ሚሊግራም በሊትር ክሎራይድ ይበቃሉ የሚል ነው። ሲሞቅ ሁለቱም ቁጥሮች በጣም ይወርዳሉ። ስለዚህ የራሳችሁን ጉድጓድ የምትጠቀሙ ከሆነ ታንከር ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን አስመርምሩ። «ጠንካራ ነው?» ብቻ ሳይሆን ክሎራይዱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

ለቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ 304 ይበቃል፤ 316 መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለሙቅ ውሃ ታንከር ቢያንስ 316ኤል፣ ክሎራይዱ ከፍ ካለ 2205 ወይም 444 የተባለው። 444 ኒኬል ስለሌለው ከላይ ያልነው ስንጠቃ አያስቸግረውም ማለት ይቻላል፤ ለሙቅ ውሃ ታንከርም በሰፊው ይሠራበታል። ለደረጃ መደገፊያ፣ ለጠረጴዛ፣ ለመደርደሪያ 304። ጅቡቲ ላይ ባሕር ዳር ለሚተከል ነገር 316 መነሻ ነው፤ ሞቃት ባሕር ውሃ ውስጥ ለሚገባ ግን አይበቃም።

የተበሳውን ታንከር በይጄ ልጠቀምበት?

አንድ ቀዳዳ ካፈሰሰ ሌሎች ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው። ታንከሩን ባዶ አድርጋችሁ፣ ድንጋዩን አንስታችሁ፣ በባትሪ ብርሃን ከጎን እያበራችሁ እዩት። ጥቁር ነጠብጣቦቹ ጥላ ይጥላሉ። በመርፌ ንኩ፤ መርፌው ከገባ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንድ ሁለት ብቻ ከሆኑ ይበየዳል። ሥሩ በሙሉ ነጠብጣብ ከሆነ የብየዳው ሙቀት አዲስ ደካማ ቀበቶ ከመጨመር ያለፈ አያደርግም፣ ገንዘባችሁን ለአዲሱ አስቀምጡ።

ከተበየደ በኋላ ቀለሙ ይነሳ፣ ታንከሩ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈተሽ። ፍተሻው ሲያልቅ ውሃው የዚያኑ ዕለት ይደፋና ውስጡ ይድረቅ። ለፍተሻ የገባ ውሃ ፀሐይ ላይ ሳምንታት ተኝቶ አዲስ ታንከር የሚበሳበት ጊዜ አለ።